በእማማ ስም የመጣው ደብዳቤ

ኦዴሳ እህቴ፣

ስደውል ስለማታነሺ፣ ስትገቢ እንድታገኚው በሩ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ነው የምነግርሽ።

ሕንጻው ሊሸጥ ነው። በዋሽንግተን ሕግ ቀድመን የመግዛት መብት ያለን እኛ ተከራዮች ነን፤ የተከራዮቹን ማኅበር ለማስመዝገብ ግን አንድ ፊርማ ጎድሏል፣ ቀኑም ዛሬ ያበቃል።

የሽያጩ ማስታወቂያ ለእኛም ደርሶን ነበር። በእማማ ስም ስለመጣ፣ ከሞተች በኋላ ከመጡት የሐዘን ካርዶች ጋር የኮፍያ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጥኩት። "ክፈተው እንጂ!" ስትይኝ "የሰው ደብዳቤ አይከፈትም" ብዬ ጨዋ ሆንኩብሽ። ዛሬ ይህን ሲሰማ ጎረቤታችን ሚስተር ላቲመር "አንተ ልጅ፣ የእናትህ ልጅ ነህ ወይስ የአከራዩ?" አለኝ።

ልፈርም ብል የኪራይ ውሉ ከእማማ በኋላ የዞረው ባንቺ ስም ነው። እኔ ለካ የሶፋው ተከራይ ነኝ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወርጄ ፊርማ የሚሰበስቡትን ሰዎች እየለመንኩ አቆይልሻለሁ። ቶሎ ነይ፤ ስድቡ ከፊርማው በኋላ ይሁንልኝ።

ደብዳቤ በስሟ እየመጣ እስካለ ድረስ፣ እማማ ገና እዚህ የምትኖር መስሎኝ ነበር።

ሮስኮ