መብራት በጠፋበት ማለዳ ስለተፈረደባት ታንኳ

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ጽጌሬዳ ማረው፣
የርብ ማዶ የንባብና የመዝናኛ ቤት የዕቃ ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ወረታ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ነሐሴው የርብ ወንዝ የሞላ፣ ወንበርዎ እንደ ጣራ ገዳም ተራራ የጸና፣ የማኅተምዎም ቀለም በጋ ከክረምት የማይደርቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ባለፈው ሰኞ በቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን፣ በእርስዎ ፊርማ የተዘጋውን የሁለት ገጽ ግምገማ አንብቤ እስክጨርስ በታማኝነት አቁሞኛል፤ ስጨርስ ግን ከደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

ግምገማው በአደባባይ ስለተለጠፈ መልሴም በአደባባይ ቢሆን ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ይቅርታም አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ «አንቺ» ማለት የለመደው ብዕሬ «እርስዎ» እስኪል ድረስ ሁለት ወረቀት አበላሽቷል።

ለማያውቅ አንባቢ ስል ነገሩን ከሥሩ ላንሣ። በ1991 ዓ.ም. የሳይንስ መምህር የነበረው ባልደረባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና ደስታው፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ቲቪ ጌም ይዞ መጣ፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ግራጫ ሣጥን፣ ሁለት እጀታና አንድ ካሴት። የካሴቱ ስም ከእኛ ወገን ማንም ሊያነበው በማይችል ፊደል የተጻፈ ነበር። ጨዋታው ግን ትርጓሜ አላስፈለገውም። ጫፍና ጫፏ ወደ ላይ የተቆለመመ ትንሽ ጀልባ በጨለማ ሰማይ ሽቅብ ትቀዝፋለች፤ ከላይ የሚወርድባትን የወፍ መንጋ የሚመስል ጠላት እየተኮሰች ታልፋለች። ልጆቹ የጣናን የደንገል ታንኳ ስለመሰለቻቸው «ታንኳ» አሏት፣ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ። ደስታው ከማረፉ በፊት ሣጥኑን ለርብ ማዶ ቤት በስጦታ ሰጠ፤ እስካለፈው ቅዳሜም ድረስ የከተማውና የገጠሩ የቁሐር ሚካኤል ልጆች በተራ ሲጫወቱባት ቆዩ። አሁን የእርስዎ ኮሚቴ ታንኳን «ጊዜዋ ያለፈ፣ ጥራት የጎደላትና ጎጂ» ብሏት፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ከነሣጥኗ ተሰባብራ እንድትወገድ ወስኗል።

ውሳኔው አራት ምክንያቶችን ይዘረዝራል። በቅደም ተከተላቸው ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፦ «የጨዋታው ሥዕል ደብዛዛና የማይለይ ነው» ይላል። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኀላፊ ወይዘሮ ደብሬ እንደነገረችኝ ኮሚቴው የመጣው ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ ከሰኞ ማታ ጀምሮ መብራት አልነበረም። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ካሴቱ ተገለበጠ፣ አንደኛው አባል አቧራውን እፍ አለበት፣ ሌላኛው በስልኩ ፎቶ አነሣው፣ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። መብራቱ እስኪመጣ መጠበቅ የሥራ ሰዓት ማባከን እንደሆነ ስለተገነዘባችሁ አመሰግናለሁ። በግምገማው ውስጥም ከዚህች የበለጠ እውነት የሆነች ዐረፍተ ነገር የለችም፤ ሥዕሉ በዚያ ማለዳ በርግጥ አይለይም ነበር።

ሁለተኛ፦ «ጀልባዋ ዝግተኛ ናት፤ አንዱ ጥይት መድረሻውን ሳያገኝ ሌላ መተኮስ አትችልም» ይላል። ይህስ እውነት ነው። ግን እንዴት ያለ ነቀፋ ነው ይህ? ጥቅምት ላይ ሩዙ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የጠበቀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወንጭፍ የሚይዘው አንድ ድንጋይ ነው። ያንን በከንቱ የለቀቀ ሌላ ጎንበስ ብሎ እስኪያነሣ ድረስ መንጋው እርሻው ላይ ሰፍሯል። የዘመኑ ጨዋታዎች ጥይቱን እንደ በረዶ ያወርዱታል፤ ከመቶው አንዱ ስለሚመታ ዓይን አያስፈልግም፣ ትዕግሥትም አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው አውራ ጣት ብቻ ነው። ታንኳ ግን የሳተን ሰው ታስጠብቀዋለች፤ በሚጠብቅባት በዚያች ቅጽበትም ለምን እንደሳተ ያስባል። የከተማው ወንዶች ልጆች ሁለተኛውን ምዕራፍ ማለፍ አቅቷቸው እጀታውን ሲወረውሩ፣ ከማማ ወርዳ የመጣች፣ እግሯ ላይ የሩዝ ማሳ ጭቃ ያልደረቀ አንዲት ልጅ ትንፋሿን ይዛ አንድ በአንድ ስታወርዳቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ስሟን እዚህ አልጠቅስም፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ኮሚቴው ሳይነቅፈው ያለፈውን እኔ ልንቀፍ። የታንኳ ሙዚቃ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ጠጠር ነው፤ ሦስተኛው ምዕራፍም ያለ ልክ ይንዛዛል። መብራት ቢኖር ኖሮ እነዚህን ሁለት እውነተኛ ጉድለቶች አግኝታችሁ ደብዳቤዬን ታሳጥሩልኝ ነበር።

ሦስተኛ፦ «አጭር ናት፤ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለ ምክንያት ታልቃለች» ይላል። ክብርት ሆይ፣ እዚህ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ የፈራሚውን ስም ደግሜ አነበብሁ። ጽጌሬዳ ማረው። የቁሐር ሚካኤሉ የማረው ልጅ።

ከጥቋቁሮቹ መንጋዎች መካከል አልፎ አልፎ አንዲት ነጭ ወፍ ከጎን ብቅ ትላለች። አትተኩስም፣ አትጋጭም፣ ቀስ ብላ ሰማዩን ታቋርጣለች። ለመምታት ከሁሉም የቀለለች እሷ ናት፤ ስትመታም በላይዋ ትልቅ ቁጥር ብልጭ ይላል። የሌላ አገር ልጅ ቁጥሩን ሽልማት ነው ብሎ ደጋግሞ ይመታታል። የፎገራ ልጅ ግን ከላም ኋላ ኋላ የምትከተለውን፣ መዥገር የምትለቅመውን፣ ከሩዙ አንዲት ፍሬ የማትነካውን ነጭ ወፍ በወንጭፍ እንዳይዳፈር እየተነገረው ያደገ ነው። አባትዎ «እሷን የመታ የላሚቱን ሐኪም መታ» ይሉ እንደነበር የሰማሁት ከእርስዎ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ብልጭ የሚለውን ቁጥር ቅጣት ነው ብለው ተረጎሙት። አንዱ ሳያስብ ነጯን ከመታ ሌሎቹ «ተቀጥተሃል፣ ውረድ» ብለው እጀታውን ይቀሙት ነበር። ፍጹም ስሕተት ነበር፤ ቁጥሩ ነጥብ እንጂ ቅጣት አልነበረም።

ያ ስሕተት ግን ከዕውቀት የበለጠ ቦታ አደረሰን። አንዲትም ነጭ ወፍ ሳይነካ አምስቱን ምዕራፍ ለፈጸመ ሰው ታንኳ አታልቅም። ጨለማው ሰማይ ይነጋል፤ የማራቸው ነጫጭ ወፎች ሁሉ ከኋላ ተሰልፈው ይመጡና ታንኳዋን ከብበው ስድስት ተጨማሪ ምዕራፎች ያሻግሯታል። እኛ ይህን የትኛውም ልጅ የሚያየው መስሎን ለዓመታት ኖርን። በኋላ ያንኑ ዓይነት ካሴት ጎንደር ውስጥ ልጅነቱን ሙሉ የተጫወተው የደስታው ታናሽ ወንድም ለእንግድነት መጥቶ ስድስተኛውን ምዕራፍ ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እሱ የሚያውቃት ታንኳ ሁልጊዜም ያለ ምክንያት ነበር የምታልቀው፤ ምክንያቱን በየምዕራፉ ሲገድለው ኖሯልና።

ኮሚቴው «አምስት ምዕራፍ» የሚለውን ያገኘው ከአንድ አባል ስልክ፣ ከኢንተርኔት እንደሆነ ወይዘሮ ደብሬ ነግራኛለች። እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየስልኩ የሚጽፉት ነጯን የሚመቱት ናቸው። ነገር ግን ስድስተኛውን ምዕራፍ በወረታ ምድር ከማንም በፊት ያየው ሰው ከዚያው ጠረጴዛ ራስጌ ተቀምጦ ነበር።

አራተኛ፦ «የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ መግደል ታስተምራለች» ይላል። መልሱን ከሦስተኛው ተራ ቁጥር ይውሰዱልኝ፤ እኔ ለመድገም አቅም የለኝም።

አሁን ከኮሚቴው ጋር ያለኝን ጨርሼ ወደ እርስዎ ልምጣ።

በ1992 ዓ.ም. እኔ ራሴ ስለዚችው ካሴት በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ሦስት ዓምድ የሞላ ክስ ጽፌ ነበር። «የሕፃናትን ልቡና የሚበላ ሣጥን» ብያታለሁ፤ ከቅኔ ቤት ያመጣሁትን ስንቅ ሁሉ አውጥቼ ደርድሬበታለሁ፤ በአጻጻፌም ኮርቼ አድሬያለሁ። በማግስቱ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንደ ሥርዓቱ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ ተጫውተውባት ነው የጻፉ?»

አልተጫወትሁባትም ነበር። በዚያው ቅዳሜ ደስታው ቤት ወሰደችኝ፣ እጀታውን አስያዘችኝ፣ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አራት ጊዜ ስሞት አጠገቤ ተቀምጣ አየች፤ አልሳቀችብኝም። በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ጻፍሁ። ከክሱ ያጠረ፣ በአጻጻፍም የተሻለ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጻፍሁት ነገር ሁሉ ላይ፣ ሙገሳም ይሁን ወቀሳ፣ ከማተሜ በፊት የዚያችን ልጅ ጥያቄ እጠይቃለሁ። በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ተማሪ ያስተማረኝ ትምህርት ቢኖር እሱ ነው።

እንግዲህ ወይዘሮ ደብሬ የነገረችኝን የመጨረሻውን ነገር እንዴት አድርጌ ልመነው? ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት፣ አለች፣ አንዱ አባል «ለመሆኑ ከመካከላችን ይህን የተጫወተ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹ «የለም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢዋ ግን ራሳቸውንም አልነቀነቁም፣ አዎ አላሉም፣ አይደለም አላሉም፤ ብዕራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ፈረሙ።

ግምገማው ከማላውቀው ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ስቄበት ወደ ቤቴ በገባሁ። አላዋቂ ሲፈርድ ማየት ለእኔ ዕድሜ አዲስ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ሲፈርም ማየት ግን አዲስ ሆነብኝ። ምናልባት አንዲት የኮሚቴ ሰብሳቢ በልጅነቷ ጭቃ ባልደረቀ እግሯ ከወንዶች ልጆች መካከል ተቀምጣ ስትተኩስ እንደነበር ቢታወቅ ለማኅተሙ ክብር አይመጥን ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የመጨረሻውን ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ ክብርዎ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚያፈርሰው አሳይተውኛል።

የምለምንዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ውሳኔውን ይሻሩ አልልም። ከግምገማው ግርጌ በእጅ ጽሑፍዎ «እኔ ተጫውቼባታለሁ፤ ስድስተኛውን ምዕራፍ አይቻለሁ» ብለው ይጨምሩበት። ከዚያ በኋላ ታንኳ መጥፋት አለባት ብለው ቢያምኑ ያዋቂ ፍርድ ነውና አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ።

ለኮሚቴው የተባ ብዕር፣ ለሰፈሩ የማይቋረጥ መብራት፣ ለእርስዎም ረጅም የሥልጣን ዘመንና አጭር የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ በታች ካለው ከታችኛው እርከን እጅ የምነሣው፣ ፊደል ያስቆጠርሁዎ አሮጌ አገልጋይዎ፣

መምህር ባምላክ ተክለ ማርያም
(ጡረተኛ)
ወረታ

ማስታወሻ፦ ግምገማው ሣጥኑን «ምንም ዋጋ የሌለው ንብረት» ስላለው፣ ምንም ዋጋ የሌለውን ንብረት ለአንድ ሽማግሌ መስጠት የሚከለክል ደንብ እንዳለ ወይዘሮ ደብሬን ጠየቅኋት። ፈልጋ አጣች። ፈርሜ ወሰድሁት፤ አሁን ቤቴ ነው፤ ልጆቹም ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ። ሣጥኑን ሳጸዳ ከክዳኑ ውስጠኛ ክፍል በደስታው እጅ የተጻፈ ዝርዝር ተለጥፎ አገኘሁ፤ እስከ መጨረሻው የደረሱት ልጆች ስም ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእርስዎ ስም አለ። ሰርክ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ይህች ማን ናት ስትለኝ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነበረች አልኋት። አሁንስ የት ናት ስትለኝ አላውቅም አልኋት። ለልጅ የዋሸሁ መስሎኝ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ፤ ነገር ግን አልዋሸሁም።