በቀኝ ደረት የሚሰካው ሜዳልያ

ውድ ወንድሜ ዴዝመንድ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ሎርናና ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? ባሕር ቢለየንም ሐሳቤ እናንተው ጋ ነው። እኔም ላሞቹም ደህና ነን። አባባን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም።

"የአሞስን የውትድርና ታሪክ ፈልጊልኝ፣ ለልጆቼ ልኩራበት" እያልክ ስትነዘንዘኝ ከረምክ። ይኸው ዌሊንግተን ድረስ ወርጄ መዝገቡን አገኘሁልህ። የአባባ አያት አሞስ ከሜልቦርን መጥቶ፣ ወታደር ሆኖ፣ ይህን መሬት እንደተሰጠው እናውቅ ነበር። በምን ሥራው አስር አለቃ እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር። የጎረቤታችንን የፓራታን ዘመዶች፣ የነባሩን ሕዝብ መንደር በመለኮሱ ነው። ሴቶቹና ልጆቹ ቤት ውስጥ ነበሩ። አያቱ በልጅነቷ ከዚያ እሳት አምልጣ እናቷ እንደቀረችባት ፓራታ እዚሁ ወጥ ቤታችን ተቀምጦ ስንቴ አጫውቶናል። ማን እንደለኮሰው ግን እሱም አያውቅም ነበር።

አባባ "ለፓራታም አንብቢለት፣ የመቶ ዓመት ነገር ነው፣ ይስቃል" አለኝ። አነበብኩለት። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

የወታደሮቹ መታሰቢያ ዕለት ፓራታ አይመጣም ብዬ ነበር። ንጋት ላይ ጣልያን አገር ዘምቶ ያገኛቸውን የራሱን ሜዳልያዎች በግራ ደረቱ ደርድሮ መጣ። የአባባ ጣቶች በላም ማለብ ከተቆለመሙ ወዲህ የአሞስን ሜዳልያ እንደ ውርስ ደንቡ በቀኝ ደረቱ የሚሰካለት ፓራታ መሆኑን ታውቃለህ። ሁልጊዜም "የኔ የላቤ ነው፣ ያንተ የውርስ" እያለ ይተርበው ነበር።

አባባ ሜዳልያውን ዘረጋለት። "ተው አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር" አልኩት።

"ለምን ይቀራል? አያቴ እኮ ነው። በል ፓራታ፣ ስካልኝ" አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ፓራታ ሰካለት። ኮቱንም አስተካከለለት። ከዚያ "ይኸው ሜርቪን። ከእንግዲህ ለቀብርህም አልመጣም" አለው። እነሱ ዘንድ ከወዳጅ ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

አባባ ሳቀበት። እቤት ከገባን ወዲህ ግን እህል አልቀመሰም። ኮቱን ላውልቅልህ ስለው "የሰካው ይንቀለው" ይለኛል፤ ከነሜዳልያው ይተኛል። አንጀቴን በላው፣ ደግሞም አናደደኝ።

ሎርናን ሳምልኝ። ብሩስንና ግሌኒስን እቅፍ አድርግልኝ፤ የአሞስንም ነገር ሳትቀንስ ንገራቸው። አባባም ሰላም ብሎሃል። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ለፓራታ ሄጄ ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እህትህ ኖሊን
ዋይካቶ፣ ሜይ 3 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.