ሳላነብልህ የዘለልኩት መስመር

ውዴ አያሌው፣ ካለህበት ሰላም ይድረስህ። ከተለየኸኝ እነሆ ስድስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። በሕይወት ሳለህ ሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ሁለታችን ብቻ ነንና አንተ ልበልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓዳው ግድግዳ ብቻ ከዝናቡ ብዛት ሆዱን ነፍቷል፤ በባላ ደግፌዋለሁ። ወንድምህ ሞላ ከጎናችን ጎጆ ቀልሶ መሬትህን ያርሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ከደጅ በወጣሁ ቁጥር «ወዴት ነው?» ይለኛል፤ የምሄድበት ስለሌለኝ እመለሳለሁ። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ከተዘጋ ቆየ። ጉሙ ከጧት እስከ ማታ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ይውላል። በዚያ ላይ የምነግረው ሰው የሌለኝ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ ለአንተ ልንገርህ።

ነገሩ የመጣው በልጃችን በትጓደድ ነው። ትምህርት ቤቷ በክረምቱ ዕረፍት ሥራ እንድትለማመድ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ላካት። መዝገብ ቤት ተቀምጣ ደብዳቤ ትመዘግባለች፣ በጽሕፈት መኪና መጻፍ ትማራለች። በሐምሌ መጀመሪያ ደብዳቤዋ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ በመጀመሪያው ቀን እንደ አገሬ ደንብ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደኅና፣ ከብቶቹ ደኅና ስል የመዝገብ ቤቱ ሹም ሰዓቱን አየና ‹ልጄ፣ ከብቶቹ ደኅና ናቸው፤ አሁን ሥራ እንጀምር› አለኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ‹ከብቶቹ› ሆኗል። በማግስቱ ዝም ብዬ ገብቼ ብቀመጥ ደግሞ ‹ኮራችብን› አሉኝ። ምሳ ሰዓት ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲወጡ እኔ ከመዝገቡ መደርደሪያ ኋላ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ፤ ድምፁ እንዳይሰማብኝ ቀስ እያልኩ።»

እዚህ ስደርስ ሳቅኩም አለቀስኩም። ቀጥላ ግን የምትለው ሌላ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ከተለማማጆቹ አንዷን ሊቀጥሩ ነው፤ ትምህርቷን ማታ ማታ ትጨርሳለች። ሹሙ ሥራዋን ወዶታል። ነገር ግን ዋስ ይጠየቃል፣ ከተማው ውስጥ ሥራ ያለውና የሚታወቅ ሰው። «‹ማን አለሽ?› ይሉኛል። ‹ማንም የለኝም› እላለሁ። እማዬ፣ አባቴ ስሙን የሚያነሣው ፈንቴ የሚባል ጓደኛው አዲስ አበባ አልነበረም? የት እንዳለ ጻፊልኝ። ዋስ ካላገኘሁ ለመስከረም እመጣለሁ።»

ለመስከረም ብትመጣ የሚጠብቃትን ልንገርህ። ሞላ ሳይጠይቀኝ ለአንድ ባለርስት ልጅ ቃል ሰጥቷል፤ ሰርጉ ለጥር ነው። እኔ ሳልጠየቅ የገባሁበትን በር ልጄም ልትገባበት ነው።

የፈንቴን አድራሻ አጥቼው አይደለም። ከሳጥኑ ሥር አለ። ለመላክ ግን እጄ አልታዘዝ አለ። ምክንያቱን አንተ አታውቀውም።

ፈንቴ አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ የላከልህን ደብዳቤ ታስታውሳለህ? ትጓደድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚህ ቀበሌ ፊደል የምለይ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንድሜ ቤተ ልሔም ደብር የቄስ ትምህርት ሲማር ስንቅ እያደረስኩ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የቃረምኩት ንባብ ነው። አንተ በዚህ ትኮራብኝ ነበር። «የእኔ ሚስት ታነባለች» እያልክ የጎረቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ታመጣልኝ ነበር። የፈንቴንም አነበብኩልህ። ሰላምታውን አነበብኩ። አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች የሚካኤልን ማኅበር እንደመሠረቱ አነበብኩ። አንተ እዚህ ማኅበር ላይ የእርሱን ተራ ስለምትደግስለት ማመስገኑን አነበብኩ። ከዚያ ማንበቤን አቆምኩ። ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ከጣቴ በታች ገና ጽሑፍ እንዳለ ታያለህ። «አለቀ?» አልከኝ። «አለቀ» አልኩህ።

አላለቀም ነበር። «የምሠራበት መጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል፤ ቦታ ይዤልሃለሁ። በማኅበሩም ስምህን ከስሜ ቀጥሎ አስጽፌዋለሁ። ቤተሰብህን ይዘህ ና» ይላል። የበኩር ልጃችንን ከቀበርን ዓመት አልሞላም ነበር፤ መቃብሩን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ደግሞ አባቴ ከተማ ብሎ ወጥቶ እንደቀረ አንተም የምትቀር መሰለኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ታመምክ። በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ሊያደርሱህ ወጡ፤ ወንዙ አላሳልፍ ብሎ መለሱህ። ሐኪም ባለበት ከተማ ልትኖር የምትችል ሰው ነበርክ። በሦስተኛው ቀን እቤታችን ሞትክ።

እንግዲህ አድራሻውን ብልክላት ፈንቴ «አባትሽ ለጥሪዬ መልስ እንኳ ነፈገኝ» ይላታል። ባልልክላት ልጄ ለሞላ ቃል ትመለሳለች። ደብዳቤውን ጽፌ ሁለት አርብ ገበያ ይዤው ወጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ብብቴ ውስጥ ይዤው ተመለስኩ። በሦስተኛው አርብ ለነጋዴዎቹ ሰጠሁት። ወንዙ ጎደል ሲል ከእነርሱ አንዱ ዋናተኛ ወረቀቱን በራሱ ላይ አስሮ ሲሻገር ከዳገቱ ላይ ቆሜ አየሁት። ሁሉንም ጽፌ ነበር። «አባትሽ ፈንቴን አልናቀውም፤ ጥሪውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ለፈንቴ ራስሽ አንብቢለት» ብያታለሁ።

መልሷ በነሐሴ ማለቂያ መጣ። ፈንቴ ሰምቶ ሲጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ «እኔ እኮ አያሌው ኮራብኝ ብዬ መርዶውን ስሰማ እንኳ ቂሜን አልተውኩም ነበር። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!» ብሎ አለቀሰ። ስምህን ግን ከማኅበሩ መዝገብ አላስፋቀም። ሊሰርዙት ባሉ ቁጥር «የእርሱን እኔ እደግሳለሁ» እያለ አቆይቶታል። በሚካኤል ዕለት ትጓደድን ይዟት ገባና «የአያሌው ቦታ ባለቤት መጣች» አለ። አባት ሲሞት ልጅ ትተካለችና በአንተ ቦታ ጽዋውን ተቀበለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ከእስቴ የመጣች የአገር ልጅ፣ ስልክ ቤት የምትሠራ፣ «ከብቶቹ ደኅና ናቸው?» ብትላት ትጓደድ ደንግጣ ቀና አለች። ልጅቱ የምር ነበር የምትጠይቃት። አሁን ምሳ አብረው ይበላሉ። ፈንቴ ዋስ ሆነላት።

እኔን በተመለከተ ሦስት መስመር ነው የጻፈችው። «በአንቺ ላይ ምን እንደምል ገና አላውቅም። አባቴ ሳያውቅ መሞቱ ያንገበግበኛል። ነይ ካልሽኝ ግን እመጣለሁ።» ከታች ሰላምታ የለውም።

ሞላ ወረቀቱን በእጄ አይቶ ገባ። ማንበብ እንደማይችል ታውቃለህ። «ትመጣለች አይደል? እስቲ አንብቢው» አለ። ልቤ ወዲያው የሚዘለለውን መስመር ሲመርጥ ያዝኩት። ደነገጥኩ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት፤ የእኔን ኃጢአትም፣ የእርሱን ቃል የሚያፈርሰውንም። «ወንድሜን አንቺ ነሽ የገደልሽው» ብሎኝ ወጣ። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ፤ ደብዳቤ የሚያስነብበኝ ሰው የለም። ለፍርዱ ሞላን አልወቅሰውም።

ለትጓደድ «ቆዪ» ብዬ ጽፌላታለሁ። ከዚያ በቀር የጨመርኩት ቃል የለም። እርሷ እዚያ ትቀራለች፤ እኔ ከዚህ የምወጣበት መንገድ የለኝም፣ ይቅር በይኝ ለማለትም ገና ፊት አላገኘሁም። አንተን ግን አልረሳህም። በየወሩ ስምህ እዚያ ሲጠራ ልጅህ «አቤት» ትልልሃለች። እዚህ ማኅበር ላይ ሲጠሩህ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝም ቢሆን፣ «አቤት» እልልሃለሁ።