የሐመልማል ሌንስና የእኔ ቀለበቶች

ውድ ሚስጥር፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና መክረምሽን ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደህና ነሽ አሉ። ኔት ከተዘጋ ወዲህ ወሬሽን የሚያመጡልኝ አያትሽ ናቸው።

አባባ ጩማ አርባ ምንጭ እናንተ ዘንድ ሰንብተው ወደ ጉኑኖ ሲመለሱ ሶዶ መናኸሪያ አገኘኋቸውና ሙዛቸውን ተሸከምኩላቸው። ምስጋናቸው ይኸው፦

«ሚስጥር ሌንስ አገኘ። ትንኝን ዶሮ የሚያሳክል። ሐመልማል ነው የሰጠው።»

«ሐመልማል ማነው?»

«ጓደኛው ነዋ።»

አያትሽ በሬውን «አረሰች»፣ ላሟን «ወለደ» የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ በግልጽ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ሐመልማል ወንድ ነው ሴት?»

«ቆንጆ ልጅ ናት። ፀጉሩ ረጅም ነች። ሚስጥርን በጣም ይወዳል።»

በዚህ ላይ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ትንሽ ብነዘንዛቸው ሙዛቸውን ተቀበሉኝና «አንተ ወላይትኛ ስታወራ ሰላምታህ ስድብ ይመስላል፤ እኔ ምን አልኩህ?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ሚስጥር፣ ጉንዳን ከጎደሬ ቅጠል ላይ ጤዛ ሲጠጣ እንቀርጻለን ያልነው እኔና አንቺ ነን። ያንን ቅጠል ሐመልማል ያውቀዋል? በአርባ ምንጭ ጉንዳን ከጀመራችሁ ግድ የለኝም። ዋሸሁ፤ ግድ አለኝ።

በነጋታው ካሜራዬን ይዤ አጎቴ ጋሽ ሰብስቤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ትንኝ የሚያገዝፈውን የእውነተኛ ማክሮ ሌንስ ዋጋ ስጠይቀው «በሱ ዋጋ በሬ ትገዛለህ፤ በሬን ለማየት ደግሞ ሌንስ አያስፈልግህም» አለኝ። ከዚያ ርካሾቹን አወጣ። አንዱ ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ መስታወት ነው። ሌላው በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገቡ ሦስት ቀለበቶች። በቀለበቶቹ ውስጥ ጣቴ አለፈ።

«ጋሼ፣ መስታወታቸው ወድቋል።»

«ድሮም የላቸውም። ሌንሱን ከካሜራው ያርቁልሃል፤ እሱ ሲርቅ አንተ ትቀርባለህ።»

«ታዲያ የምትሸጥልኝ ምንድን ነው?»

«ርቀት።»

«ርቀትማ አለኝ፤ እስከ አርባ ምንጭ።»

አልሳቀም። የሶዶ ሽማግሌ ቀልዱ የራሱ ካልሆነ አይስቅም።

ሁለቱንም በጢሙ ላይ ሞከርኳቸው። በመስታወቱ መሀሉ ጥሩ ነው፣ ዳር ዳሩ ግን ውሃ የገባበት ይመስላል። በቀለበቶቹ ግን እስከ ጫፍ ጥርት አለ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። የጋሽ ሰብስቤ ጢም ጫፉ ከሰል፣ ሥሩ ጥጥ ነው። ለካ ይቀባዋል። ስክሪኑን በመዳፉ ሸፈነና ሳልጠይቀው ዋጋ ቀነሰልኝ፤ ለማንም እንዳላወራ። መጻፍ ማውራት አይደለም።

ግን ቀለበቶቹ ብርሃን ይበላሉ፤ ቪዲዮው ይጨልማል። አንዱ ካሜራውን ሲይዝ ሌላው አጠገቡ ባትሪ ማብራት አለበት።

«ብቻህን ከሆንክ መስታወቱን ውሰድ» አለኝ ጋሽ ሰብስቤ። «ቀለበቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው።»

ቀለበቶቹን ወሰድኩ።

ቤት ገብቼ «ቀለበት ገዛሁ» ስላት እናቴ ልብስ ማጠቧን አቆመች።

«ለማን?»

«ኧረ የካሜራ ነው። የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ...»

«መጀመሪያ አሥረኛን ጨርስ» አለችኝና ወደ ልብሷ ተመለሰች። ፊቴ እንደጋለ ቀረ። አጠገቤ ብትሆኚ ስቀሽ ትሞቺ ነበር።

ትናንት ጠዋት ብቻዬን ሞከርኩት። ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ቅጠሉ ላይ ጎነበስኩ። ለሃጬ ጤዛው ላይ ጠብ አለ፤ ጉንዳኑም ቀምሶት ሄደ። የተቀረጸው ይኸው ብቻ ነው።

የሐመልማል ሌንስ ከእኔ ቀለበቶች እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ከነመስታወቱ ነው፣ ብርሃን አይበላም፣ ረዳትም አይፈልግም። እኔ የመረጥኩት ሰው የሚፈልገውን ነው። በመስታወቱ ጉንዳኑን እስካሁን ብቻዬን ቀርጬ እጨርሰው ነበር፤ ከዚያ ለገና ስትመጪ ምን ብዬ እጠራሻለሁ? ለጋሽ ሰብስቤ ይህን አልነገርኩትም።

የሰፈሩ ልጆች ባትሪውን እንያዝልህ እያሉኝ ነው። እምቢ ብያለሁ።

እስከዚያው በጨለማ የሚቀርጸው፣
አድነው