ጋሽ ዳንሳ ያልጨረሰው ዱንጉዛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

ሥራ በዝቶበት አይደለም! እማዬ የፈለገችውን ትበል። ጋሽ ዳንሳ ስልኬን የማያነሳው አኩርፎ ነው።

አባዬ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቷል። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን አለው። «ከዳንሳ ጋር ሳልታረቅ ቢላ አይነካኝም» ብሎ አልፈርምም አለ። ዶክተሩ ለመነው፣ እማዬ አለቀሰች፣ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጋሽ ዳንሳ ሽመና የተማረው ከአባዬ ነው። ለምክር ቤት ሲወዳደር እንኳን ለፖስተሩ ፎቶ የተነሳው የአባዬ መሸመኛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ሲመረጥ ግን የጀመረውን ዱንጉዛ፣ ያንን ባለ ቀለም የወላይታ ጨርቅ፣ ትቶ ሄደ። አባዬ ደግሞ ሰው ፊት «ጨርቅ ያልጨረሰ አገር ሊመራ!» ብሎ ሳቀበት። ከዛ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።

ዱንጉዛው እስካሁን እንደተወጠረ ነው። ሌላ ሸማኔ ይጨርሰው ስል አባዬ ይቆጣል፤ «የዳንሳ እጅ ነው፣ ሌላ ሰው ከገባበት ይበላሻል» ይላል። እኔ ትምህርቴን አቁሜ ለመወርወሪያው ድውር ክር የማዞረው ልጅ፣ ያንን ቀይና ቢጫ ክር አቧራ ሲጠጣ በየቀኑ አያለሁ።

ዛሬ አባዬ እጄን ይዞ «ስድቡ የኔ ነው እኮ፣ እሱ ምን አደረገ?» አለኝ። ልጮህበት ነበር። ግን እጁ እንደ ባዶ መወርወሪያ ቀለለኝ።

ጋሽ ዳንሳ፣ ይሄን እንደማታነበው አውቃለሁ። ስብሰባ ላይም ብትሆን ውጣ። መምጣት ካቃተህ ድምፅህን ይስማ። ነገ አይሆንም። ዛሬ፣ ሳይመሽ ደውል!