ስኳር የማይበላው ናና

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ጠዋት ሠላሳ እስር ናና ገባ። አራቱ ጠውልገዋል፣ የቀረው ደህና ነው። ሃያውን ጭማቂ ቤቱ ብቻውን አዘዘ። ድሮ አምስት ነበር የሚወስደው። ደስ ብሎኝ ይዤለት ሄድኩ። በሩ ላይ የለጠፈውን ሳነብ ደስታዬ ጠፋ፦ «ናና፦ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለኩላሊት»። ባለቤቱን ይስሐቅን ማን ነገረህ አልኩት። ስልኩ ላይ አይቶ ነው። «ዘሃራ፣ የሚሸጠው ያንቺ ናና አይደል? ምን አስቆጣሽ?» አለኝ።

ማክሰኞ
ናናውን ገፈርሳ የሚያበቅሉልኝ ኦቦ ቶሎሳ ዛሬ በሰው መልእክት ላኩብኝ። ራሴን አዞረኝ ብለዋል። ከሰዓት በሚኒባስ ሄድኩ። «አካም ጅርታ» ብለው ተቀበሉኝ። የናና ሻይ ይዘዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨምሩበት በዓይኔ አየሁ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው! ኪኒናቸውንም ባለፈው ሳምንት ከተማ ገብተው ይስሐቅ በር ላይ ያለውን ካነበቡ ወዲህ ትተውታል።
«ናናው ስኳሩን ይበላዋል» አሉኝ። «የማበቅለው እኔ፣ የምታስተምሪኝ አንቺ?»
«ቢበላውማ ሻዩ ለምን ይጣፍጣል?»
ሻዩን ቀመስ አድርገው፣ «ታዲያ ለምን ትሸጪዋለሽ?» አሉ።
«ስለሚጥም ነው፣ አባባ።»
አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ስኳሩን ብቻ ከእጃቸው ወስጄ ለልጃቸው ሚስት ሰጠሁ።

ረቡዕ
ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ አደርኩ። ይስሐቅን ወረቀቱን ካላነሳህ ናና የለም አልኩት። ከሰበታ አስመጣለሁ አለ። ያምጣ።
ለዛሬ ያስመጣሁለት ሃያ እስር ግን እጄ ላይ ቀረ። ገበያ ላይ ዘርግቼ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን ነገርኩ፦ ሻይ ላይ ጣል አድርጉት፣ ከሎሚ ጋር ጨምቁት፣ እርጎ ላይና ቲማቲም ሰላጣ ላይ ክተፉት፣ ምግብ ሲከብዳችሁ ጠጡት። አንዷ ለስኳር ይሆናል ወይ አለች። አይሆንም አልኳት። ጥላኝ ሄደች። ሌላዋ ለሰላጣ ሁለት ወሰደች። ግማሹ ተሸጠ። የቀረውን ጥላ ሥር አሰጣሁት፣ ደርቆም ለሻይ ይሆናል። ቅጠል ነው፣ በቅጠልነቱ ይበቃል። የበሽታ መድኃኒት ያደረጉት ምን ጎድሎት ነው?

ሐሙስ
ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ደወሉ። ማታ ውኃ ጥማቱ አላስተኛቸውም። ድምፃቸው ደክሟል። ጤና ጣቢያ መሄድ ፈርተዋል፤ ነርሷ መድኃኒቱን ለምን አቆሙ ብላ ትቆጣቸዋለች።
«አንቺ ካለሽ እሄዳለሁ» አሉ።
የይስሐቅ ወረቀት አሁንም በሩ ላይ ነው።
ነገ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገፈርሳ። ኪኒናቸውን ከነማሸጊያው ማስያዝ። ጤና ጣቢያ ማድረስ። ናና አልጭንም።