ከፋይሎችሽ መካከል ያገኘሁት

ጥሩዬ፣ የኔ አካል፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። የመሐል ሜዳ ብርድ እንደምታውቂው ነው። ሱቃችንም እንደነበረ አለ፤ በበሩ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ በውስጥ በኩል ያንቺ ኮምፒውተር። ወንበርሽ ላይ ግን አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ካርባሽ በኋላ ደንበኞችሽ ያስጻፉትን ፍለጋ ይመጡ ጀመር። አንቺ ባንድ አፍታ ታወጪው ነበር። እኔ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ስክሪኑ በፋይል ተጨናንቋል፤ ስማቸው «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የሴትዮዋ»፣ «ይኼኛው»። የቱ የማን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። «በእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትስቂያለሽ፣ ያንቺ ይብሳል» ስልሽ፣ «እኔ እያለሁ ምን ቸገረህ?» ትዪኝ ነበር።

አንድ ቀን መሪጌታ መጡ። የሟች ልጃቸውን የሕይወት ታሪክ የጻፍሽላቸው ወረቀት ዝናብ አበላሽቶባቸዋል። «እባክህ ፈልግልኝ፣ ለሙት ዓመቱ ይነበባል» አሉኝ። አላገኘሁትም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ውስጤ ተቃጠለ።

ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከወይዘሮ አስካለ ፎልደር መክፈት ተማርኩ። እያንዳንዱን እያነበብኩ፣ በባለቤቱ ስም እየሰየምኩ፣ ማመልከቻውን ከማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪውን ከሰርግ ጥሪ አገናኘሁ። ሁዳዴን ሙሉ ፈጀብኝ። የመሪጌታ ልጅ «ይኼኛው» ውስጥ ተገኘ። አትሜ ስሰጣቸው ወረቀቱን ሳሙት።

ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «አዲስ 14»ን ከፈትኩ። ደብረ ብርሃን ላለችው እህትሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ነው። «ጡቴ ላይ ያለው እብጠት እያደገ ነው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዥልኝ። ለእሱ እንዳትነግሪው፤ እኔን ለማሳከም የስፌት መኪናውን ይሸጣል» ይላል። ከላይ የጻፍሽው ቀን የጥር ነው። ለእኔ ሕመምሽን የነገርሽኝ በሰኔ፣ ከረፈደ በኋላ።

እህትሽን ጠየቅኳት። «ምንም አልደረሰኝም» ብላ አለቀሰች። ለካ ጽፈሽ አልላክሽውም።

እሸጠው ነበር፣ ጥሩዬ። ጎጆዬንም እሸጣት ነበር። አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትጽፊ ቀና ብዬ አላስተዋልኩሽም። ክንድሽን ስታሺ አይቼ፣ ብርዱ ነው ብዬ ጋቢ ደረብኩልሽ። ጋቢ!

«እግዜር ያጥናህ» ይሉኛል፤ አልጠናሁም። አሁን ማንም መጥቶ ቢጠይቅ ወረቀቱን ወዲያው አወጣለታለሁ፤ ይመርቁኛል፤ ምርቃት የሚገባኝ ግን አይደለሁም። ያንቺን ደብዳቤ ግን የት እንደማኖረው አላወቅኩም። ፎልደር ልከፍትለት ስምሽን ጻፍኩና አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዳለ ስክሪኑ ላይ ተውኩት። በየማለዳው ከሁሉ በፊት የሚታየኝ እሱ ነው። አነበዋለሁ፤ ከዚያ ሱቁን ለደንበኛ እከፍታለሁ።

ዕድሜዬ እስኪያልቅ እንዲሁ አነበዋለሁ። ላንቺ ማድረግ የቀረኝ ይኼው ብቻ ነው።

ባልሽ